እከክ ላይሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ቁንጫ ፈልጉ

ውሻ ሲያሳክከው ያየ ሰፈር ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «እከክ ነው፣ ናፍጣ ቀቡት» ይላል፣ ሌላው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ያዝዛል። እባካችሁ ተዉ። ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ራሱን ሲልስ ደግሞ ሆዱ ይገባል።

የኛ ቦቢ ወገቡና ጭራው ሥር ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው ቀልቶ ነበር። ሐኪሙ ገና ቦታውን ሲያይ «የቁንጫ አለርጂ» አለ። ቤት ውስጥ ማንም አላመነውም፣ አንድም ቁንጫ አላየንማ!

ነገሩ የቁንጫው ብዛት አይደለም። ቁንጫ ደም ሲመጥ ምራቁን ቆዳ ውስጥ ይተዋል፣ አለርጂ ያለበት ውሻ ሰውነቱ የሚቆጣው ምራቁ ውስጥ ባለው ፕሮቲን ስለሆነ ሌላው ውሻ ብዙ ቁንጫ ተሸክሞ ዝም ሲል ይሄኛው በጥቂት ንክሻ ራሱን ያቆስላል። ሲልስና ሲነክስ ቁንጫዎቹን ስለሚለቅማቸው እናንተ አታገኟቸውም። ፀጉሩን በቀጭን ማበጠሪያ አበጥራችሁ የሚወርደውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ወደ ቀይ ቡናማ ከዞረ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ማለትም የተፈጨ ደም።

ሐኪሙ ማሳከኩን የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጣል፣ ቁንጫው ካለ ግን ይመለሳል። ውሻው ላይ ያለው ያደገ ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ነው፤ ቀሪው እንቁላልና እጭ ሆኖ መኝታው፣ ምንጣፉና የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው፣ ወደ ቁንጫነት ለመለወጥ ድር ውስጥ የተጠቀለለው ደግሞ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መኝታው በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ወለሉ ይጠረግ፣ ድመቷም የራሷን መድኃኒት ታግኝ። የራሷን ነው ያልኩት! ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል።

እርግጥ እከክም አለ። የጆሮ ጠርዝና ክርን ላይ በርትቶ የቤቱንም ሰው ማሳከክ ከጀመረ ጠርጥሩት፣ ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። መዳፉን የሚልስና የጆሮ ሕመም የሚመላለስበት ከሆነ ግን የአቧራ ወይም የምግብ አለርጂ ሊሆን ይችላል። የምግቡን ለማወቅ 8 ሳምንት ያህል ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን ምግብ ብቻ መስጠት ነው፣ አንዲት ቁራሽ ሥጋ ሁሉን ታበላሻለች። ግቢው ውስጥ ልጆችና ደግ ዘበኛ ካሉ እግዜር ይርዳችሁ።