ለተጎታቼ የመረጥኩት አክሰልና ፍሬን

በመኪናዬ የምጎትተው የዕቃ መጫኛ ተጎታች ብረት ተበይዶ አልቋል። አሁን የደረስኩት አክሰል (ጎማዎቹን የሚይዘው አግድም ዘንግ) እና ፍሬን ላይ ነው። የምሠራው አሜሪካ፣ ዴንቨር ስለሆነ ልኩን በፓውንድ እናገራለሁ።

ለእንዲህ ዓይነት ተጎታች በብዛት የሚገዛው 3,500 ፓውንድ የሚሸከም አክሰል ነው፤ ወደ 1,590 ኪሎ መሆኑ ነው። የተጎታቹ የራሱ ክብደት ግን አብሮ ይቆጠራል። የኔ ባዶውን 1,000 ስለሚጠጋ ለዕቃ የሚተርፈው 2,500 ገደማ ነው። አንድ ኪዩቢክ ያርድ ጠጠር ብቻውን ይህን ያልፋል! የኔ ጭነት የቤት ዕቃና ጣውላ ስለሆነ አንድ አክሰል ይበቃኛል። ጠጠርና አፈር የምትጭኑ ግን ሁለት አክሰል አስቡ።

ከሥር በሊስትራ (ንጣፍ የብረት ሞላ) አድርጌያለሁ። ሌላው አማራጭ፣ በሞላ ፈንታ ውስጡ ላስቲክ ያለበት ቶርሽን አክሰል፣ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፤ ላስቲኩ ሲደክም ግን የሚቀየረው አክሰሉ በሙሉ ነው።

ወደ ፍሬኑ ስንመጣ፣ ኮሎራዶን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች ከነጭነቱ 3,000 ፓውንድ ለሚያልፍ ተጎታች ፍሬን ያስገድዳሉ። ባያስገድዱም አስገባ ነበር። ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ዴንቨር የሚወርደውን አይ-70 አውራ ጎዳና የነዳ ሰው ለምን አይለኝም። የመኪናው ፍሬን ያን ሁሉ ክብደት ብቻውን ሲይዝ ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ መያዙ ይቀንሳል።

የመረጥኩት የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ መኪናው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ተጎታቹ ፍሬን ውስጥ ወዳለው ማግኔት ኤሌክትሪክ ይልካል። ማግኔቱ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው ታምቡር (ከበሮ መሳይ ብረት) ላይ ይጣበቅና የፍሬኑን ክንድ ይጎትታል፤ ክንዱ ታምቡሩን ከውስጥ የሚይዙትን ሸራዎች ይገፋል። ተጎታቹ መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚይዝ ፍሬንም አለ፤ ጀልባ የሚጎትቱ ይወዱታል። ቁልቁለት ላይ ግን የተጎታቹን ፍሬን ከወንበሬ ሆኜ ለብቻው መያዝ መቻል እፈልጋለሁ።

ገንዘብ ላጠራችሁ፦ ፍሬኑን አሁን ባትገዙም የፍሬን መቀመጫ የተበየደለት አክሰል ግዙ። ለ3,500 ፓውንድ አክሰል፣ መቀመጫው አራት የብሎን ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነው። በኋላ ፍሬኑን በብሎን ማሰርና ታምቡር መግጠም ብቻ ይቀራችኋል። ስትገጥሙ ግራና ቀኙን ለዩ፤ አጭሩ ሸራ ወደ ፊት ነው የሚሆነው።

አክሰሉን ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ አስቀምጫለሁ። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ካነሰ ተጎታቹ በፍጥነት ሲሄድ ይወዛወዛል።

የቀረኝ የሽቦ ሥራ ነው። ተጎታቹ ቢላቀቅ ገመዷ ተመዝዛ ከራሱ ባትሪ ፍሬኑን የምታስይዝ ማብሪያም አለች። የባትሪውን ሳጥን ፊት ለፊት በይጃለሁ። ገመዷን ተጎታቹን ከመኪናው ጋር ከሚያስረው የደህንነት ሰንሰለት ጋር አልደርባትም፤ ለብቻዋ መኪናው ላይ ነው የማስራት።