ዓይነ ስውር ተማሪዬን ፍርድ ቤት ስመድብ ያየሁት

ደብረ ማርቆስ ሕግ አስተምራለሁ። ተማሪዎችን ለኤክስተርንሺፕ፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የምመድበውም እኔ ነኝ።

ለዓይነ ስውር ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ድጋፍ ያን ያህል አያስቸግርም። ሞጁሉን በሶፍት ኮፒ መስጠት፣ ለፈተና አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት መመደብ ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው፣ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ በነፃ ይገኛል። ጣጣው የሚጀምረው ከግቢ ሲወጣ ነው። ፍርድ ቤት የሚጠብቀው በእጅ ጽሑፍ የተሞላ መዝገብ ነዋ!

አንድ ጎበዝ ተማሪዬን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ "ልጄ፣ አንተ ችሎት ቁጭ ብለህ አዳምጥ፤ ይበቃሃል" አሉት። ከቅን ልብ ነው። ግን አዳምጦ ብቻ የተመለሰ ልጅ መዝገብ ሳይመረምር፣ አቤቱታ ሳይጽፍ ይመረቃል። ነገ ማን ይቀጥረዋል?

ስለዚህ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ሥራዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። ለእያንዳንዱ የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ሥራ የሚፈልገው ችሎታ ምንድን ነው? መዝገብ መመርመር ማለት ጭብጡን፣ ማለትም ተከራካሪዎቹ ያልተስማሙበትን ነጥብ፣ መለየት ነው። ዓይን የግድ አይደለም። አብሮት የተመደበ ጓደኛው እንዲያነብለት፣ ጭብጥ ግን እንዳይጠቁመው ተስማማን። ልጁ በብሬል ማስታወሻ ይይዛል፤ "ቆይ፣ መዝገቡ ባለፈው የተቀጠረው ለምን ነበር? ትዕዛዙን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ" እያለ ያስቆመዋል።

ይበልጥ የገረመኝ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላችን ያየሁት ነው። ከጎዛምን የመጡ አንድ አዛውንት በመሬት ክርክር አቤቱታ ሊያስጽፉ ተቀምጠዋል። ድንበሩን በእጃቸው ወዲያና ወዲህ ያሳያሉ። ልጁ ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀረ "አባባ፣ በእጅዎ አያሳዩኝ፤ በስም ይንገሩኝ። በምሥራቅ ማን ያዋስንዎታል? በምዕራብስ?" አላቸው። አራቱም አዋሳኞች ተራ በተራ ተጻፉ። የሚያዩት ተማሪዎች ያመጡልኝ አቤቱታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው።

ለመሥሪያ ቤቶች አስቀድሜ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ ረዳትም እንዲመድብ ያስገድዳል፤ ይህን እጠቅሳለሁ። ደብዳቤ ብቻውን ግን በር አይከፍትም። ልጁ ራሱ ቀድሞ ሄዶ "ይህን እችላለሁ፣ እዚህ ጋ እገዛ እፈልጋለሁ" ሲል ነው ሰው የሚሰማው። አሁን ይህን ንግግር ከምደባው በፊት እናለማመዳለን። ለነገ የሥራ ቃለ መጠይቅም ይጠቅመዋል።

ከሁሉም የከበደኝ ውጤት አሰጣጡ ነው። አለቆቹ ያዝኑና ሥራውን ሳያዩ ሙሉ ነጥብ ይሰጡታል። እኔ ግን የጻፈውን አቤቱታ ነጥብ ከሚሞሉበት ቅጽ ጋር አያይዘው እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ያለዚያ ነጥቡን አልቀበልም። የመጀመሪያ ሰሞን ልጁም ተቀይሞኝ ነበር።