«ተደርጎልሻል» ወይስ «ተደርጎብሻል»?

ሰሞኑን አንዲት አብሮ አደጌ ከባሕር ዳር ደውላ «የተገረዘችን ሴት እዚያ ስዊድን በነፃ ያስተካክሏታል አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝሁ ጊዜ የገጠመኝ ድቅን አለብኝ።

ስዊድኖች ጎረቤታቸውን ሰላም ማለት ያፍራሉ እንጂ ስለ ግርዛት መጠየቅ አያፍሩም። አዋላጇ «ቡና ትጠጫለሽ ወይ» በሚል ድምፅ ጠየቀችኝ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ወንድ። ጉሮሮውን ጠራረገና «እ... እህቴ፣ ያ ነገር በልጅነትሽ ተደርጎልሻል ወይ ይላሉ» አለ። ድምፁን አወቅሁት! እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ የሚናገረው ሰውዬ! ላብ አሰመጠኝ። «አልተደረገም» ብዬ ዋሸሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስትመረምረኝ ውሸቴ ወጣ። እሷስ ምንም አላለች፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት ከ100 65ቱ ተገርዘዋል፤ ምን ይደንቃታል?

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ቃል ነው። በስምንተኛ ቀኔ በምላጭ ተቆርጬ ምኑ ነው «የተደረገልኝ»? ግን እናቴም ብትጠየቅ «አድርጌላታለሁ» ነው የምትል። ያልተገረዘች ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች ይባል የለ? እዚህ ሬስቶራንት ስሠራ የሰበርሁትን ሳህን ባየች!

ለማንኛውም በሚቀጥለው ቀጠሮ ሴት አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ መጣችልኝ። አዋላጇ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። የእኔ ስላልተሰፋ የሚከፈት ነገር የለውም፤ የተቆረጠም መልሶ አይበቅልም። ብዙዎቹ የሶማሌና የአፋር እህቶቻችን እንደሆኑት የተሰፋች ግን ከመውለዷ በፊት ወይም በምጥ ጊዜ ስፌቱን ይከፍቱላታል። ከወለደች በኋላ «መልሳችሁ ስፉኝ» ብትል እሺ አይሏትም። ለካስ ግርዛቱ ላመጣብኝ ሕመም ሐኪም ለማየት እስካረግዝ መጠበቅም አልነበረብኝ።

አንቺ ልጅ ይዘሽ የምትመጪ ደግሞ ስሚ! ስዊድን ግርዛትን በሕግ የከለከለችው በ1982 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ «አያቷን ትይ» ብለሽ አገር ቤት ወስደሽ ብታስገርዢያትም እዚህ ትጠየቂያለሽ። የእኛውም የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ይቀጣል፤ ማን አንብቦት!

ልጄን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስናስነሣ ያ ሰውዬ መጥቶ መሬት መሬት እያየ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለኝ። ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ምስጢሩን ይኸው እኔው ዘረገፍሁት።