አሳማው እስክሪፕቶ ውስጥ ምን ይሠራል?

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያነበበልኝ ነበር። 12 ዓመቱ ነው፣ ቤተሰቡ በዲቪ ከመጡ ገና ስምንት ወራቸው ነው፣ የጎንደር ገጠር ልጅ። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ሚድል ስኩል ውስጥ የኢሶል ክፍል ረዳት ነኝ፣ ያው ኢሶል እንግሊዝኛ ገና እየለመዱ ላሉ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት ነው፣ እዚህ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እና ልጁ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይዞ «ዘ ፒግ ኢዝ ኢን ዘ ፔን» ብሎ ፍስስ አድርጎ አነበባት። አንድም አልተሳሳተም። ከዛ ቀና አለና በአማርኛ «ቲቸር፣ አሳማው እስክሪፕቶ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዛ መጽሐፏን ተቀብዬ ሳያት ሳቁ ጠፋብኝ። ሥዕሉ ላይ አሳማው ብቻ ነው ጭቃ ላይ የተኛው፣ አጥር የለ ምን የለ። እነዚህ መጻሕፍት ልጁ ሥዕል አይቶ ቃሉን እንዳይገምት ተብሎ ሥዕላቸው ሆን ተብሎ የተቀነሰ ነው። ፔን ማለት ደግሞ ለሱ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የሚጻፍበት። «ፔን እኮ ጉረኖም ማለት ነው» ስለው «አሃ ጉረኖ!» ብሎ ፊቱ በራ፣ ከዛ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለ አያቱ ፍየሎች፣ ጅብ ስለገባበት ሌሊት፣ አጥሩ በምን እሾህ እንደሚታጠር አወራኝ። የምሞላው ወረቀት ላይ ግን ገባው አልገባው የሚል ቦታ የለም፣ ስንት ቃል በትክክል አነበበ ነው የሚለው። 100 ፐርሰንት ብዬ ሞላሁ።

አትሳሳቱ፣ እኔ ፎኒክስን፣ ማለትም ፊደልን ከድምፁ ጋር እያያያዙ ማንበብ ማስተማርን፣ የምቃወም ሰው አይደለሁም። ሀሁ ቆጥሮ ያደገ ሰው ፊደልና ድምፅን ማስተማር አይጠቅምም ቢል ያስቃል። እዚህ ሀገር ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ለስንት ዓመት ልጆቹ የመጀመሪያዋን ፊደልና ሥዕሉን እያዩ ቃሉን እንዲገምቱ ነበር የሚደረገው፣ አሁን ያ እየቀረ ነው፣ ቨርጂኒያም እኤአ በ2022 ሕግ አውጥታ ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሥራ ላይ አውላዋለች፣ ጥሩ ነው። ችግሩ ሁሉም የሚጠቅሰው የ2000ው የናሽናል ሪዲንግ ፓናል (የንባብ ትምህርት ጥናቶችን የገመገመ የአሜሪካ የባለሙያዎች ቡድን) ሪፖርት እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ልጆችን አላየም። እነሱን ለብቻ ያየው ሌላ ፓናል ሪፖርቱን በ2006 አወጣ፣ ፎኒክሱም ምኑም ለነዚህም ልጆች ይጠቅማል ግን የሚነገር እንግሊዝኛ ካልታከለበት አይበቃም፣ በራሳቸው ቋንቋ ማንበብ መቻላቸው ደግሞ ያግዛል አለ። ትምህርት ቤት የሚገዛው የማስተማሪያ ካርቶን ውስጥ ግን የመጀመሪያው ሪፖርት ገብቶ ሁለተኛው ውጪ የቀረ ነው የሚመስለኝ።

ይሄን ትርጉሙ ሳይገባ የማንበብ ነገር እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን እኮ። አያቴ ዳዊት ይደግሙ ነበር፣ በየቀኑ፣ ያለ መነጽር፣ እንደ ውሃ ነው የሚወርድላቸው። ልጅ ሆኜ «አባባ ይሄ ምን ማለት ነው?» ስላቸው «እሱ የትርጓሜ ቤት ሰው ሥራ ነው ልጄ» ይሉኛል፣ ቅር እንኳን አይላቸውም። የኛ የቤተክህነት ትምህርት ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤትን ለይቶ ነው ያስቀመጠው፣ ንባቡን ጨርሶ ትርጓሜ ያልገባ ሰው አላዋቂ አይባልም፣ ግን መተርጎም ይችላል ብሎም የሚጠይቀው የለም። እዚህ ግን ንባብ ቤት ያለ ልጅ በዛው ሳምንት የሳይንስና የታሪክ ፈተና ላይ ትርጓሜ ይጠየቃል። ጎፍ እና ተንመር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1986 አንብቦ መረዳት ማለት ፊደሉን መፍታት ሲባዛ በቋንቋው መረዳት ነው ብለው ጽፈዋል፣ ማባዛት ነው ያሉት እንጂ መደመር አይደለም፣ አንዱ ዜሮ ከሆነ ያው ሁሉም ዜሮ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ልጁ ይዞት የመጣው ነገር ሲጣል ማየት ነው። ይሄ ልጅ አማርኛ ሲያነብ ብትሰሙት! 33ቱን ፊደል በሰባት ሰባት ቤት ጨርሶ የመጣ ነው፣ ግን የመጀመሪያውን ሁለት ወር ያሳለፈው «ፊደል ድምፅን ይወክላል» የሚል ትምህርት ላይ ነው፣ ከካርቱን ድብ ጋር፣ በ12 ዓመቱ። ቢጠየቅ ኖሮ እሱ ነበር የሚያስተምራቸው። ለምሳሌ ሳድስን እዩ፣ ብርድ ስንል ብ ላይ ትንሽ አናባቢ አለች፣ ር እና ድ ግን ዝም ናቸው፣ ወረቀቱ ላይ ሦስቱም ሳድስ ናቸው፣ የቱ እንደሚነበብ የሚነግረን የለም እናውቀዋለን በቃ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ውስጥ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል አለ ሲባል ብዙም አልደነቀውም። አንድ ቀን ደግሞ ሪድ እና ሬድ አንድ ዓይነት ተጽፈው አሁንና ትናንት እንደሆኑ እያስረዳሁት፣ እኔ ጨርሼም አላበቃሁ፣ «እንደ አለ ማለት ነዋ!» አለኝ። አለ ሲጠብቅና ሲላላ! እኔ ለስንት ዓመት እዚህ ክፍል ስሠራ ይቺን ምሳሌ አስቤያት አላውቅም።

የሚከብደው ሌላ ቦታ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ካሪኩለሙ ሮጦ ያልፋል። ደብተሩ ላይ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው ሊል ፈልጎ ቨርጂኒያን ለቅቄ እሄዳለሁ ብሎ ጽፎልኛል። በኛ ፊደል ብጽፋቸው ሁለቱም ሊቭ ናቸው፣ ለጆሮውም አንድ ናቸው፣ ያቺ አጭርና ረጅም ኢ እኛ ጋ ልዩነት የላትም። ምላስ በጥርስ መሀል የምትወጣባት ድምፅም የለችንም፣ ስለዚህ ወይ ዝ ወይ ስ ወይ ት ትሆናለች። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ሁለት ሳምንት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፣ ብ እና ም ድምፅ ላይ አይደለም። ከጎኑ የሚቀመጠው የሆንዱራስ ልጅ የሚያስቸግረው ሌላ ነው፣ የአፍጋኒስታኗ ልጅ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አጫጭር አናባቢዎቹ ብዙ ጊዜ ሳይጻፉ ማንበብ ለምዳ ነው የመጣችው። ሦስቱም ግን አንድ ገጽ ላይ በአንድ ደቂቃ ነው የሚከፍቱት። በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ መጽሐፍና ተመሳሳይ መምህር መስጠት ብቻውን እኩል ማስተማር አይደለም ብሎ ወስኗል፣ ከኔ ዕድሜ በላይ የሆነ ውሳኔ ነው።

እኔ ራሴ 9ኛ ክፍል የገባሁት በኛ አቆጣጠር በ1997 ነው፣ ፕላዝማው፣ ማለትም በቲቪ የሚሰጠው ትምህርት፣ በመጣ ሰሞን። የኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ፣ ሰውየው በቲቪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዛ ማንም ሳይመልስለት ራሱ «ቬሪ ጉድ» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል። አሁን መምህራኑ እጅ ላይ ያለውን ስክሪፕት ሳየው እሱ ሰውዬ ነው ትዝ የሚለኝ፣ እዚህ ጋ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ እዚህ ጋ አመስግን ይላል።

ለቤተሰብ ተብሎ የመጣ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አለ ብለው ሰጡኝ፣ ደስ ብሎኝ ገለጥኩት። የሒሳቡ ክፍል ላይ ቴብል የሚለውን «ጠረጴዛ» ብሎታል። ሰንጠረዥ እኮ ነው! ልጁ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ደምር ሲባል ዴስኩን ነው የሚያየው። ማሽን ተርጉሞት ሰው ሳያየው የታተመ ነው በቃ፣ አንድ አማርኛ የሚችል ሰው ከሰዓት ቢያነበው የሚያልቅ ሥራ ነበር።

እናቱ ሐሙስ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ እቤት አማርኛ ማውራት አቁሙ ብለውናል፣ ምን ይሻለናል?» አለች፣ ድምጿ ፈርቷል። ማን እንዳላት አልጠየቅኩም። በፍጹም አልኳት። አንቺ በምትችያት ትንሽ እንግሊዝኛ ብታወሪው ብላ፣ ተነሳ፣ ተኛ ነው የምትዪው፣ በአማርኛ ግን ዝናብ ለምን ይዘንባል፣ ሰው ለምን ይጣላል፣ እርሾ ጤፉን ምን ያደርገዋል ሁሉንም ትነግሪዋለሽ፣ ነገሩን ካወቀው እዚህ የሚቀረው ስሙን መማር ብቻ ነው አልኳት። ዝም አለች ቆይታ «እንግዲህ እርሾውን እነግረዋለሁ» አለች።

ትምህርት ቤቱንም ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። በዓመት አንዴ ልጆቹ የሚፈተኑት ዊዳ የሚባል የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ውጤቱ ሲሰላ ማንበብ 35 ከመቶ፣ መጻፍ 35፣ ማዳመጥና መናገር 15 15 ናቸው። 70ው ንባብና ጽሑፍ ሲሆን ሁሉም እዛ ላይ ይረባረባል፣ ወሬ ጊዜ ማባከን ይመስላል። እዚህ ተወልደው እንግሊዝኛውን እንደ ሬዲዮ የሚያወሩ የኛ ልጆች ከዚህ ፈተና መውጣት የሚያቅታቸውም ለዚህ ነው፣ ወላጅ «እንዴ ልጄ እኮ አማርኛውን ነው የማይችለው» እያለ ይናደዳል። ግን የዚህኛው ልጅ ንባብ የሚያድገው በዛ ወሬ ነው፣ የጉረኖው አምስት ደቂቃ ከመጽሐፏ በላይ ሠርቷል።

ስለዚህ እሁድ ማታ ማታ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የራሴን ወረቀት መሥራት ጀመርኩ፣ እስካሁን 11 ገጽ ደርሷል። የካሪኩለሙን ድምፅ አልነካሁም፣ ቅደም ተከተሉም ያው ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ነገሩ በአማርኛ እናወራለን፣ ከዛ አምስት ቃል በእንግሊዝኛ ከነሥዕሉ፣ ከዛ በነዛ ቃላት የተጻፈ አጭር ንባብ፣ መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ ጀምሬለት የሚጨርሰው ዓረፍተ ነገር። አሳማውን አስወጥቼ አስር ዶሮ አስገባሁበት፣ ቴን ሄንስ። ዋናዋ መምህር አይታው ለሌሎቹም ኮፒ እናድርግ አለች፣ ለአፍጋኒስታኗ ልጅ ግን ሌላ ገጽ ያስፈልጋል ብያታለሁ፣ እሱን ገና አልሠራሁትም።

ትናንት የጉረኖውን ገጽ ሰጠሁት። አነበበው፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ፣ ከዛ እኔ የሳልኩትን አጥር እያየ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ቲቸር፣ በር የለውም እኮ፣ ዶሮዎቹ በየት ገቡ?» በእንግሊዝኛ በለኝ አልኩት። አሰበ አሰበና «ኖ ዶር» አለ፣ እርሳሱን ተቀብሎኝ በሩን ራሱ ሳለው። ጌት እንደሚባል ነገርኩትና በሩ ላይ ጻፈው።