ፎልስ ቸርች የሚባለው ቤተ ክርስቲያን

ስድስት ዓመት ሙሉ ፎልስ ቸርች እያልኩ ስኖር፣ ፎልስ ቸርች የሚባል ቤተ ክርስቲያን መኖሩን አላውቅም ነበር። ሰሜን ቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ ይህን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠራው አስቡት። «ቤት የተከራየሁት ፎልስ ቸርች ነው»፣ «ልቅሶው ፎልስ ቸርች ነው»፣ «ክርስትናው ፎልስ ቸርች ነው»። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ደብር እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ባለፈው መጋቢት ለጉዳይ ወደ ከተማዋ መሃል ወርጄ በኢስት ፌርፋክስ ጎዳና ሳልፍ፣ በመቃብሮችና በዛፎች መካከል የቆመ ቀይ የጡብ ሕንፃ አየሁ። የደወል ማማ የለውም። ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ መስኮቶቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። የግንበኛ ልጅ ነኝና ዓይኔ ቶሎ የሄደው ወደ ጡቡ ነው። አንዱ ጡብ በቁመቱ፣ ቀጣዩ በጫፉ፣ እንደገና በቁመቱ፤ ከመሠረቱ ጀምሮ እንዲሁ እየተፈራረቀ ይወጣል። አባቴ ቢያዩት ቱምቢያቸውን አውጥተው ይለኩት ነበር። ከመስኮቶቹ ሥር ግን ግድግዳው ሌላ ሆነብኝ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተመልሼ ሄድኩ። በር ላይ በልማድ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ ታሪኩንም አብዛኛውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። (ዘመናቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በ1730ዎቹ እዚህ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነበር። በፖቶማክ ወንዝ ላይ ወዳለው ትንሹ ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለነበር «የፏፏቴው ቤተ ክርስቲያን» ተባለ። በ1763 የሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ሕንፃው በስብሷልና ከእንግዲህ አይጠገንም አለ። ከጉባኤው አባላት አንዱ ጆርጅ ዋሽንግተን ነበር። አዲሱን በጡብ ለመሥራት ተወሰነ፤ ንድፉን ጄምስ ሬን አወጣ፤ በ1769 አለቀ። በዚያው ዓመት ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ ተገድለው ዘመነ መሳፍንት ጀመረ። በአንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ዙፋን ፈርሶ እዚህ ግድግዳ መቆሙን ሳስብ ብዙ ቆየሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ገረመኝ። ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ የእንግሊዝ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ስለነበር ሕዝቡ ግብር ይከፍልለት ነበር፤ የሚከፍለውም በትምባሆ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ለአንድ ካህን በዓመት 16,000 ፓውንድ ትምባሆ ይመድብ ነበር። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ደጀ ሰላም አይግባ ሲባል ላደገ ሰው ይህን መስማት ቀላል አይደለም። ያንን ትምባሆ የሚያለማው ማን እንደነበር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ከነጻነት በኋላ ግብሩ ቀረ፣ ሕዝቡም ተበተነ፤ ሕንፃው ለዓመታት ባዶውን ቆመ። በ1830ዎቹ ነው ዳግመኛ ምእመናን የገቡበት፤ ያኔ ኤፒስኮፓል ተብሎ ነበር። ኤጲስ ቆጶስ ከምንለው ቃል የመጣ ስም ነው።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። የሰሜኑ ጦር ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ ሆስፒታል፣ በኋላም የፈረስ ጋጣ አደረገው። ጦርነቱ ሲያበቃ የፌዴራል መንግሥቱ ለጉዳቱ ካሣ ከፈለ፤ ወረቀቱ ዛሬም መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። እኔን ያስቆመኝ ከመስኮቶቹ ሥር ያለው ጡብ የዚያ ጥገና ነው።

ውስጡ ለእኛ ዓይን ባዶ ነው፤ ሥዕለ አድኅኖ የለም፣ መጋረጃ የለም። ሰገነቶቹን ግን አሮጊቷ በደስታ አሳዩኝ። ሬን በንድፉ ላይ አስቀምጧቸው ነበር፤ የተሠሩት ግን በ1959 ነው። አንድ ንድፍ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሠሪውን ጠበቀ። ይህን ለአባቴ መንገር አለብኝ ብዬ ወዲያው አሰብኩ።

ስወጣ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ አሳዩኝ። ይህን ቤተ ክርስቲያን በሙያቸውና በጉልበታቸው ለሠሩት፣ በባርነት ለተያዙ ሰዎች የምስጋናና የንስሐ ቃል ተጽፎበታል። ስም የለበትም። የዋሽንግተን ስም አለ፣ የሬን ስም አለ፤ ጡቡን በቁመትና በጫፍ እያፈራረቀ የደረደረው ሰው ስም ግን የለም። አባቴ በገነቧቸው ቤቶች ላይም ስማቸው የለም፤ ነገር ግን ደመወዛቸውን ይዘው ማታ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ድንጋዩ ፊት ቆሜ ራሴን ለማጽናናት አንድ ላድርጋቸው ብል ኅሊናዬ እምቢ አለኝ።

ማታ የግድግዳውን ፎቶግራፍ ደብረ ብርሃን ላኩላቸው። ምንም አልጻፍኩም። ጠዋት ደወሉ፤ ሰላምታውን እንኳ አልጨረሱም።

«ከመስኮቱ በታች ያለው የሌላ ሰው እጅ ነው» አሉኝ። «አየኸው?»

«አየሁት፣ አባባ።»

«የፊተኛው ይበልጣል። እጁ አልቸኮለም። ማን ይባላል?»