ፍላሽ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ፍላሻችሁ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት (ቀስት ያለበት አቋራጭ ምልክት) ሆነው ካገኛችኋቸው፣ ማንም «ፎርማት ይደረግ» ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ንዴት በቀረልኝ።

የእህቴን የመመረቂያ ጽሑፍ አራት ኪሎ አንድ ፕሪንት ቤት አሳተምን። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ቀኑን ሙሉ የስንቱ ፍላሽ ሲሰካና ሲነቀል ይውላል። ቤት ገብተን ሾርትከት የሆነውን ፎልደር ብንነካው ተከፈተ። ተንኮሉም እሱ ነው። ሾርትከቱ መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ከዚያ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል። ድሮ ቫይረሱ ፍላሽ ገና ሲሰካ በአውቶራን፣ ማለትም ዊንዶውስ የተሰካውን በራሱ በሚያስጀምርበት መንገድ፣ ይነሳ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ያንን በር በቆዩት ዊንዶውሶች፣ በኤክስፒና በቪስታም ላይ ከዘጋ ወዲህ ግን የእኛን ክሊክ ይጠብቃል፤ እኛም አናሳፍረውም። ያው ፍላሽ ደግሞ ፊልም ሊገለበጥበት ጎረቤት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከፓኪስታኗ ላሆር የተነሳው ብሬይን የተባለው ቫይረስም ዓለምን የዞረው እንዲሁ በፍሎፒ ዲስክ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር።

ፒያሳ አንድ ቴክኒሻን ጋ ወሰድነው። አየት አደረገና «ፋይሉ ተበልቷል፣ ፎርማት ነው የሚያዋጣው» አለ። እህቴ «ሌላ ኮፒ የለኝም እኮ» ስትለው «አይዞሽ እህቴ፣ እንመልሰዋለን» ብሎ ፎርማት የሚለውን ተጫነው።

ፋይሉ ግን አልተበላም ነበር! ተደብቆ ነው። የፍላሹን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ቢያይ ቦታው እንደተያዘ ይነግረው ነበር። ቪው ውስጥ ገብቶ ሂደን ፋይሎችን ማሳየት ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ቫይረሱ የሚደብቃቸው የሲስተም ፋይል አስመስሎ ነው። ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ማንሳት ያስፈልጋል፣ ወይም አትሪብ የሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ይገልጣቸዋል። የደቂቃ ሥራ ነበር። ሰውዬው በሪከቨሪ ሶፍትዌር መለሰልን ያለው ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ የሆኑ ፋይሎችን ነው፣ እህቴ አንድ በአንድ እየከፈተች ምዕራፎቿን ስትለቅም አመሸች። ሒሳቡን ግን ሳይቀንስ ተቀበለን። ከሁሉ የሚያናድደው፣ ፎርማት የተደረገው ፍላሽ ቤት ሲሰካ ወዲያው ተመልሶ ሾርትከት ሆነ። ቫይረሱ እኮ ኮምፒውተራችን ላይ ተቀምጦ አዲስ ፍላሽ እየጠበቀ ነበር። ይህንን አልጠየቀንም፣ አልነገረንም።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጽዱ። ታስክ ማናጀር ውስጥ እናንተ ያላስነሳችሁት ስክሪፕት ሆስት (እንዲህ ያለው ቫይረስ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የዊንዶውስ ፕሮግራም) የሚሠራ ካለ አስቁሙት፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ ስታርትአፕ ላይ የተቀመጠውንም አጥፉ፣ ፍላሹ ከዚያ ይደርሳል። «አንቲቫይረስ ጫኑ» የሚለው ምክር ብዙም አይዋጥልኝም፤ ኢንተርኔት በማያገኝ ኮምፒውተር ላይ ሳይታደስ የከረመ አንቲቫይረስ ለወጉ ያህል ነው። ለኅትመት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። «ሶፍት ኮፒው በፍላሽ ካልሆነ አንቀበልም» የሚሉ ቢሮዎች አሁንም አሉ፣ ለምን እንደሆነ እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም። እዚያ ስሄድ ያንን አንድ ፋይል ብቻ የያዘ ፍላሽ ይዤ ነው። ሲመለስም ቤት ኮምፒውተር ላይ አይሰካም።