ነከር አድርጎ ማውጣት

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። 8ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ፈተናዋ ላይ «ዲፕ»፣ «ሶክ»፣ «ሰብመርጅ» እና «ኢመርስ» መጥተው ሦስቱን ስታለች። መዝገበ ቃላቷን ገልጬ አየሁ። ለአራቱም «ነከረ» ይላል። አንጀቴን በላችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ?

ሻይ ቀርቦ ነበር። ዳቦዋን ነከር አድርጋ ልትጎርስ ስትል «ቆይ! ዲፕ ማለት ይሄ ነው» አልኳት። ገባ፣ ወጣ። «ነከር አደረገች» ስንል እኮ ፍጥነቱ ቃሉ ውስጥ አለ።

እናቴ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ለብቅል ገብስ ዘፍዝፋለች። ይህ ሶክ ነው። እዚህ ቁም ነገሩ ቆይታው ነው። አንድ ፍሬ አውጥቼ ሰጠኋት። ትናንት እንደ ጠጠር የነበረው ገብስ አብጦ፣ በጥፍሯ ስትጫነው ለሁለት ተከፈለ። ደጋግማ ሞከረችው።

ሰብመርጅ ላይ ትንሽ ተቸገርኩ። ከዚያ የፋሲል መዋኛ ትዝ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ባዶ ነው። ለጥር 11 ግን ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል። ያኔ የታችኛው ድንጋይ የለም፤ ውሃው ውጦታል። «ውሃ ዋጠው» የምንለው ነው ሰብመርጅ። ከውሃው ገጽ በታች መሆን፣ መሸፈን።

«ጎረምሶቹ ዘለው ሲገቡስ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃው ከተባረከ በኋላ ሁለንተናቸውን ይዘው ይገባሉ። ለእሱ ኢመርስ ይሻላል። ምንም ሳይቀር መግባት ነው። ለትምህርትም፣ ለሥራም ይሆናል።

እኛ ጋ ደግሞ «ሰጠመ» አለ። ጣና ላይ ታንኳም ይሰጥማል፣ ሰውም ይሰጥማል። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። ታንኳው «ሲንክ» ያደርጋል። ትንፋሽ ያለው ውሃ ውስጥ ሲሞት ግን «ድራውን» ነው። ይህን ሁለት ጊዜ ደገምኩላት፤ በሞት ቃል መሳሳት ይከብዳል።

እሷ ግን ብዕሯን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆየች።

«አጎቴ፣ በሐሳብ የሰጠመ ሰውስ?»

«ኢመርስ» አልኳት።

ጻፈችው። ሻይዋ ቀዝቅዞ ነበር።